የቤት መሥሪያ ፈቃድ ታሪክ፦ ከእሳት የተወለደች ወረቀት

ከወገኖቻችን ብዙዎቹ ከኪራይ ቤት ወጥተው የራሳቸውን ቤት መግዛት ከጀመሩ ወዲህ በቡና ላይም ሆነ በማኅበር ላይ ደጋግሞ የሚነሳ ጨዋታ አለ። ጨዋታው ስለ ቤት መሥሪያ ፈቃድ ነው። አንዱ ቤዝመንቱን ከፍሎ መኝታ ቤት ሊያወጣበት ያስባል፤ ሌላዋ በጓሮ በኩል አንድ ክፍል ልትቀጥል ትፈልጋለች፤ ሦስተኛው ደግሞ አገር ቤት ባገኘው ቦታ ላይ ጎጆ ለመቀለስ ገንዘብ ያጠራቅማል። ሦስቱንም ደጃፍ ላይ የሚጠብቃቸው አንድ ነው፤ ፕላን አቅርቡ፣ ክፈሉ፣ ጠብቁ፣ አስመርምሩ የሚል ማዘጋጃ ቤት። «በላቤ በገዛሁት ቤት ማን ያዝብኛል?» የሚለው ጥያቄም የሚመጣው ይኼኔ ነው።

ለጥያቄው ሁለት ዓይነት መልስ ሲሰጥ እንሰማለን። አንዳንዶች ፈቃድ ማለት ከተማው ገንዘብ የሚሰበስብበት ዘዴ ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ እንደኛ ያለውን መጤ ማጉላሊያ ነው ይላሉ። ሁለቱም አባባሎች ከባዶ የተነሱ አይደሉም። ነገር ግን የወረቀቷን ታሪክ ከሥሩ ለተመለከተ ሰው ነገሩ ከሁለቱም ይሰፋል። ፈቃድ በመጀመሪያ የተወለደችው ከእሳትና ከሬሳ ነው፤ ሰው እንዳይሞት። በኋላ ግን በክፉ እጅ ስትገባ ሰው መከልከያ ሆናለች። ሁለቱንም ገጽታዋን ማወቅ ለቤት ሠሪ ይጠቅመዋል ብለን ስለምናምን ታሪኩን እነሆ እንላለን። ለብቻው ካልተገለጸ በቀር ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከሞት በኋላ የሚመጣ ሕግ

ስለ ቤት አሠራር የተጻፈ ሕግ አዲስ ነገር አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ18ኛው መቶ ዓመት የባቢሎን ንጉሥ ሐሙራቢ ባስቀረጸው ሕግ ውስጥ፣ አንድ ግንበኛ የሠራው ቤት ተደርምሶ ባለቤቱን ከገደለ ግንበኛው በሞት እንዲቀጣ ተደንግጓል። የሞተው የባለቤቱ ልጅ ከሆነ ደግሞ የሚገደለው የግንበኛው ልጅ ነበር። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ቁጥር 8 ላይም አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ፣ ሰው ቢወድቅ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን የሚያዝ ቃል እንዳለ መጽሐፍ የሚያነቡ ሁሉ ያውቁታል። በዚያ አገር ጣሪያ ጠፍጣፋ ነው፤ ሰው ይተኛበታል፣ እህል ያሰጣበታል። ስለዚህ ትእዛዙ የሃይማኖት ብቻ ሳይሆን የደረጃና የሰገነት መደገፊያ ሕግ ሁሉ አያት ነው ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ የሐሙራቢን ዓይነት ሕግ አንድ ጉድለት አለበት። የሚደርሰው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው። ግንበኛውን መግደል የሞተውን አይመልስም። «ቤቱ ሳይሠራ አስቀድሞ ይታይ» የሚለው ሐሳብ፣ ማለትም ፈቃድ፣ እስኪመጣ ድረስ ዓለም ብዙ መቃጠል ነበረባት።

የለንደን እሳትና የ1667 ችካል

የለንደን ሹማምንት በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ፣ በድንጋይ የሚሠሩ ጎረቤታሞች የጋራ ግድግዳቸው የ3 ጫማ ውፍረት እንዲኖረው ደንግገው ነበር። በ1212 ከደረሰው ቃጠሎ በኋላም የሣር ክዳን እንዲቀር አዘዙ። ነገር ግን ትእዛዙን ቤት ለቤት እየዞረ የሚያስፈጽም ስላልነበረ ከተማዋ በእንጨት ላይ እንጨት እየደረበች አደገች። መስከረም 2 ቀን 1666 በአንድ ዳቦ ጋጋሪ ቤት የተነሳው እሳት አራት ቀን ነደደ። 13,200 ያህል ቤቶችና 87 አብያተ ክርስቲያናት ወደሙ።

በሚቀጥለው ዓመት በየካቲት 1667 ፓርላማው ከተማዋ እንዴት ዳግመኛ እንደምትሠራ የሚወስን ሕግ አወጣ። ቤቶች በአራት ዓይነት ተከፈሉ፤ በጠባብ መንገድ ላይ ሁለት ፎቅ፣ በሰፊው ላይ ሦስት፣ በዋና ጎዳና ላይ አራት እየተባለ። የውጭ ግድግዳ ከጡብ ወይም ከድንጋይ ውጭ እንዳይሆን ተከለከለ፤ የግድግዳው ውፍረትም ሳይቀር ተቆረጠ። ከሁሉ በላይ ግን አስፈላጊው ነገር የአሠራሩ ሥርዓት ነበር። ቤት ሊሠራ የፈለገ ሰው አስቀድሞ ወደ ከተማው ገንዘብ ቤት ሄዶ 6 ሺሊንግ ከ8 ፔንስ ይከፍላል፤ ደረሰኙን ይዞ ወደ ከተማው ቀያሽ ይሄዳል፤ ቀያሹ ቦታው ድረስ መጥቶ የመሠረቱን መስመር በችካል ያስቀምጥለታል። ችካሉ ሳይተከል መሠረት መቆፈር የለም። ከቀያሾቹ አንዱ ፊዚክስ የተማረ ሁሉ በስሙ የሚያውቀው ሮበርት ሁክ ነበር።

እንግዲህ ክፍያ፣ ደረሰኝ፣ ተቆጣጣሪ የሚሉት ዛሬ የምንማረርባቸው ሦስት ነገሮች በዚያን ጊዜ ሙሉ ሆነው ተወልደዋል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው የእኛ አባባል በለንደን ሕግ ሆኖ ተጻፈ፤ የተጻፈው ግን ከተቃጠለ በኋላ ነው።

ዋሽንግተንና ቺካጎ፦ የደሃው ጥያቄ

ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት የዋሽንግተን ከተማ ገና ጫካ ሳለች ነበር የቤት አሠራር መመሪያ የወጣላት። ፕሬዚደንት ጆርጅ ዋሽንግተን በጥቅምት 1791 ባወጣው መመሪያ የቤቶች የውጭ ግድግዳና የጎረቤት የጋራ ግድግዳ ጡብ ወይም ድንጋይ ብቻ እንዲሆን አዘዘ፤ የግድግዳውም ቁመት ከ40 ጫማ እንዳይበልጥ ወሰነ። ነገር ግን ከተማዋን የሚገነቡት አናጢዎችና የቀን ሠራተኞች ጡብ የሚገዙበት አቅም አልነበራቸውም። ቤት ሳያገኙ ደግሞ ሥራው አይሠራም። ስለዚህ በ1796 ራሱ ፕሬዚደንቱ የጡቡን ግዴታ ለጥቂት ዓመታት አነሳው።

ይህ ትንሽ ታሪክ ትልቅ ጥያቄ ይዟል። ሕጉ የጠየቀው ደኅንነት ከደሃው ኪስ በላይ ሲሆን ምን ይደረግ? በቺካጎ ከተማ ይኸው ጥያቄ በስደተኞች ላይ መጣ። በጥቅምት 1871 የደረሰው ታላቅ ቃጠሎ 300 ያህል ሰው ገደለ፤ ከ17 ሺህ በላይ ሕንፃ አወደመ፤ 100 ሺህ ያህል ሰው ሜዳ ላይ ጣለ። ከተማው በእንጨት መሥራት ይከልከል ሲል በሰሜኑ ሰፈር የነበሩ ጀርመናውያን ስደተኞች በጥር 1872 ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሰልፍ ወጡ። የተቃጠለባቸው ጎጆ የእድሜ ልክ ጥሪታቸው ነበር፤ በጡብ መልሰው መሥራት አይችሉም። እነርሱን ከመሬታቸው ለማስለቀቅ የተዶለተ መስሎ ታያቸው። ምክር ቤቱም ተለሳልሶ የደሃው ሰፈር ሰፊው ክፍል ከክልከላው ውጭ እንዲሆን ፈቀደ።

ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ፣ በሐምሌ 1874፣ ሌላ እሳት ተነስቶ ከ800 በላይ ሕንፃዎችን በላ። ያን ጊዜ የመድን ኩባንያዎች ከከተማዋ እንወጣለን ብለው ስላስፈራሩ ክልከላው ለመላው ከተማ ሆነ። ስደተኞቹ የጠየቁት ጥያቄ ትክክል ነበር፤ እሳቱ ግን የሰውን አቅም አይቶ አይምርም። ትክክለኛው መልስ ሕጉን ማንሳት ሳይሆን ደሃው ሕጉን እንዲያሟላ ማገዝ ነበር። ይህን ያኔ ያደረገ አልነበረም፤ ዛሬም የሚያደርገው ጥቂት ነው።

መስኮት የሌለው ክፍል

በኒው ዮርክ ደግሞ ነገሩ ከእሳት አልፎ ወደ አየርና ብርሃን መጣ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከጣሊያን፣ ከአየርላንድና ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ ስደተኞች በጠባብ ፎቆች ታጭቀው ይኖሩ ነበር። ብዙዎቹ የውስጥ ክፍሎች መስኮት አልነበራቸውም፤ ሳንባ ነቀርሳም በቤቶቹ ውስጥ ይመላለስ ነበር። በ1901 የወጣው የኪራይ ቤቶች ሕግ በአዲስ ሕንፃ ሁሉ እያንዳንዱ ክፍል ወደ ውጭ የሚከፈት መስኮት፣ እያንዳንዱ ቤተሰብም የራሱ መፀዳጃ እንዲኖረው አዘዘ። ፕላን ሳይጸድቅ ሥራ እንዳይጀመር፣ ሕንፃው ካለቀ በኋላም ተመርምሮ ምስክር ወረቀት ሳያገኝ ሰው እንዳይገባበት ደነገገ። ዛሬ ቤት ሠርተን ስንጨርስ የምንጠየቀው የመኖሪያ ምስክር ወረቀት ዘሩ ከዚህ ይመዘዛል።

በዋሽንግተን የግንባታ ፈቃድ በመዝገብ መያዝ የጀመረው በ1877 ነው። ከዚያን ጊዜ አንሥቶ እስከ 1949 የተሰጡት ፈቃዶች በብሔራዊ መዛግብት ቤት ይገኛሉ። በከተማዋ አሮጌ ቤት የገዛ ወገን ቢኖር ቤቱን ማን እንዳሠራው፣ ማን እንደነደፈው፣ በስንት ብር ግምት እንደተሠራ ከዚያ ሊያገኝ ይችላል። የምናማርራት ወረቀት የቤታችን የልደት ምስክርም ነች።

ፈቃድ ከልካይ ስትሆን

አሁን ወደ ሁለተኛው ገጽታ እንለፍ። በ1880 የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ፣ ከጡብ ወይም ከድንጋይ ባልተሠራ ቤት ውስጥ ልብስ ማጠቢያ ቤት የሚሠራ ሰው ከከተማው ቦርድ ፈቃድ እንዲያወጣ የሚያስገድድ ደንብ አወጣች። ምክንያቱ በጽሑፍ ሲታይ መልካም ነው፤ እሳት ለመከላከል። በከተማዋ 320 ያህል ልብስ ማጠቢያ ቤቶች ነበሩ፤ ከነዚህ ውስጥ 310 ያህሉ የእንጨት፣ 240 ያህሉም የቻይናውያን ስደተኞች ነበሩ። ደንቡ ግን ፈቃድ የሚሰጠው ምን ላሟላ ሰው እንደሆነ አልተናገረም። ሁሉን ለቦርዱ ፈቃድ ተወው። ውጤቱም፣ ከ200 በላይ ቻይናውያን ሲያመለክቱ ሁሉም ተከለከሉ፤ ቻይናዊ ያልሆኑ 80 ያህል ሰዎች ሲያመለክቱ ከአንድ በቀር ሁሉም ተፈቀደላቸው።

ዪክ ዎ በሚል ስም የሚታወቀው ባለ ልብስ ማጠቢያ በዚያው ቤት 22 ዓመት ሠርቷል። የእሳት አደጋ ሹሞችም የጤና ሹሙም ቤቱን አይተው ደህና ነው ብለው የምስክር ወረቀት ሰጥተውታል። ቦርዱ ግን ፈቃድ ከለከለው። ሥራውን አላቆምም በማለቱ 10 ዶላር ተቀጣ፤ አልከፍልም ብሎ ታሰረ፤ ክሱንም እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ወሰደው። በግንቦት 1886 ዳኞቹ በአንድ ድምፅ ፈረዱለት። ፍርዱ ሁለት ነገር አጸና። አንደኛ፣ የሕገ መንግሥቱ 14ኛ ማሻሻያ የሚሰጠው የሕግ ጥበቃ ለዜጋ ብቻ ሳይሆን በአገሩ ላሉ ሰዎች ሁሉ ነው። ሁለተኛ፣ ሕግ በጽሑፉ እኩል ሆኖ በአፈጻጸሙ ሰው የሚለይ ከሆነ አይጸናም። ዜጋ እንዲሆን እንኳ ሕጉ የማይፈቅድለት ስደተኛ ያስገኘው ይህ ፍርድ እስከ ዛሬ ለሁላችንም ጥላ ነው።

ከዚያ በኋላም ከተሞች ሌላ ዘዴ አላጡም። በ1914 የኬንታኪዋ ሉዊቪል ከተማ፣ ነጮች በሚበዙበት መንገድ ላይ ጥቁር፣ ጥቁሮች በሚበዙበት ላይ ነጭ እንዳይኖር የሚል ደንብ አወጣች። ዊሊያም ዋርሊ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ከአንድ ነጭ ባለ ንብረት መኖሪያ ቤት ሊሠራበት ቦታ ተዋዋለ፤ በውሉም ላይ በቤቱ ልኖርበት ሕግ ካልፈቀደልኝ አልከፍልም የሚል አንቀጽ አስገባ። ሻጩ ክስ መሠረተ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በኅዳር 1917 ደንቡን ሻረው። በደንብ መከልከል ሲቀር በሰነድ መከልከል መጣ፤ ቤቱ ለጥቁር እንዳይሸጥ በሽያጭ ውል ላይ ይጻፍ ጀመር። ፍርድ ቤቶች ያንን ውል እንዳያስፈጽሙ የተወሰነው በ1948 ነው። በመኖሪያ ቤት ሽያጭና ኪራይ ላይ በዘር መለየትን የሚከለክለው የፌዴራል ሕግ የወጣው ደግሞ በ1968 ነው። ዛሬ እኛ በፈለግንበት ሰፈር ቤት ገዝተን የምንገባው እነዚህ ሰዎች በከፈሉት ዋጋ እንደሆነ መዘንጋት አይገባም።

በአገራችን፦ ፕላንና ጨረቃ ቤት

በእኛም አገር ነገሩ የራሱ መልክ አለው። በሐምሌ 19 ቀን 1967 በኢትዮጵያ አቆጣጠር የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታን ሁሉ የመንግሥት አደረገ፤ ትርፍ ቤትንም ወረሰ። መኖሪያ ቤት ለመሥራት የሚሰጠው ቦታ እስከ 500 ካሬ ሜትር ሆነ። በ1986 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ደግሞ የሊዝ ሥርዓት መጣ። እንደ አሜሪካ ፈቃድ የሚጠየቀው በራስ መሬት ላይ ለመሥራት ብቻ ሳይሆን፣ ለመሥሪያ የሚሆነው መሬት ራሱ ከመንግሥት እጅ የሚገኝ ሆነ። በ2001 በኢትዮጵያ አቆጣጠር የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ የፕላንና የቁጥጥር ሥርዓት ዘረጋ።

ሕጋዊው በር ሲጠብ ግን ሰው በሌላ በኩል ይገባል። ጨረቃ ቤት የሚለው ቃል የተወለደው ከዚህ ነው። በአንድ ሌሊት በጨረቃ ብርሃን ቆሞ ሲነጋ ሰው የሚገኝበት ቤት። ከተማዋ ሲያድር እየሠሩባት፣ መንግሥትም አንድ ጊዜ ሕጋዊ እያደረገ፣ አንድ ጊዜ በዶዘር እያፈረሰ ዓመታት አለፉ። በፈረሰው ቤት ውስጥ የጠፋው ጭቃና ቆርቆሮ ብቻ አይደለም፤ የቤተሰብ ሀብት ነው፤ አንዳንዱም ከውጭ በእኛ የተላከ ነው። የቺካጎ ስደተኞች ከደሃ አቅም በላይ የሆነ ሕግ ገጥሟቸው በሰልፍ ጮኹ፤ የእኛ ሰው በጨረቃ ሠራ። ምክንያቱ አንድ ነው።

ማኅተም ብቻውን አያድንም

ፈቃድ ተሟልቶ ሰው የሞተበትም ታሪክ አለ። ሰኔ 14 ቀን 2017 በለንደን ግሬንፌል የተባለው ባለ 24 ፎቅ መኖሪያ ተቃጥሎ 72 ሰዎች አለቁ። ከሞቱት ውስጥ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ቤተሰቦች ነበሩበት። ሕንፃው በ2016 የታደሰ ሲሆን በእድሳቱ ጊዜ ከውጭ የተለበጠው ነገር እሳቱን ከታች ወደ ላይ አቀጣጥሎ አደረሰው። በመስከረም 2024 የወጣው የመርማሪ ጉባኤው የመጨረሻ ዘገባ አምራቾችንም፣ ሠሪዎችንም፣ ተቆጣጣሪዎችንም፣ መንግሥትንም ወቅሷል። ከ350 ዓመት በፊት የፈቃድ ሥርዓት በተወለደባት ከተማ ይህ መድረሱ፣ ወረቀቱ የሚያድነው መርማሪው በእውነት ሲመረምር ብቻ መሆኑን ያሳያል።

እንግዲህ ለእኛስ?

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ሁለት ምክር ይወጣል። የመጀመሪያው፣ ፈቃዱን አንሽሽ። በአሜሪካ ቤዝመንት ውስጥ መኝታ ቤት ሲወጣ ሰው ሊያመልጥበት የሚችል መስኮት የሚጠየቀው ያለ ነገር አይደለም። ብዙ ከተሞች የሚከተሉት የመኖሪያ ቤት ኮድ መስኮቱ ሲከፈት ቢያንስ 5.7 ስኩዌር ጫማ ክፍት እንዲሆን (ከመሬት እኩል ለሆነው 5 ይበቃል)፣ ቁመቱ ከ24 ኢንች፣ ስፋቱ ከ20 ኢንች እንዳያንስ፣ ከወለሉም ከ44 ኢንች በላይ ከፍ እንዳይል ይላል። ልኩ የታሰበው የተኛ ሰው ነቅቶ እንዲወጣበት፣ እሳት አጥፊም ዕቃውን እንደተሸከመ እንዲገባበት ነው። እዚያ ክፍል የሚተኛው አገር ቤት ትናንት የመጣ የአክስት ልጅ ወይም ሌሊት ሠርቶ ቀን የሚተኛ ተከራይ ነው። ደረጃው ላይ እሳት ቢነሳ መውጫው ያ መስኮት ብቻ ነው።

ስለዚህ የኤሌክትሪክና የቧንቧ ሥራ ግድግዳው በሺትሮክ ሳይዘጋ ይመርመር፤ የጢስ ማስጠንቀቂያው ይሰቀል። ፈቃድ አያስፈልግም የሚል፣ ወይም ፈቃዱን በራስህ ስም አውጣልኝ የሚል ኮንትራክተር ሲገጥም ረጋ ብሎ ማሰብ ይገባል፤ በስምዎ ከወጣ ተጠያቂው እርስዎ ነዎት። ያለ ፈቃድ የተሠራ ክፍል ቤቱ ሲሸጥም ሆነ ከመድን ኩባንያ ካሳ ሲጠየቅ ጣጣ ሊያመጣ ይችላል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ የተዘጋ ግድግዳ ለምርመራ ማፍረስ ከፈቃዱ ክፍያ ይብሳል።

ሁለተኛው ምክር፣ ክልከላን በዝምታ አንቀበል። ፈቃድ የተከለከለ ሰው የትኛው የኮድ አንቀጽ እንዳልተሟላ በጽሑፍ ይጠይቅ። አንቀጹ ከተነገረው ያሟላ፤ ካልተነገረው ወይም ጎረቤቱ የተፈቀደለትን እርሱ ከተከለከለ ይግባኝ ይበል። ቋንቋ ቢያስቸግር፣ ለምሳሌ በዋሽንግተን ከተማ በ2004 የወጣው የቋንቋ ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፤ አማርኛም ከሚያገለግልባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። አገር ቤት የሚያሠራም ወገን ውክልና ሰጥቶ ከመርሳት ይልቅ የጸደቀውን ፕላን፣ የፈቃዱን ቁጥርና በሊዝ ውሉ ላይ ግንባታው የሚጀመርበትንና የሚያልቅበትን ጊዜ በእጁ ይያዝ።

ወረቀቷን ለንደን በእሳት ገዝታታለች፤ ወረቀቷን ሰው እንዳያዳላባትም ያ ባለ ልብስ ማጠቢያ በእስሩ ገዝቶታል። እኛ የምንከፍለው የማመልከቻውን ገንዘብና ጥቂት ትዕግሥት ነው። ቤታችሁን የሰላም ቤት ያድርግላችሁ።